ከፈረስ በቀር

ቀኝ እግሬ የቀጠነው ገና ሮጬ ሳልጠግብ ነው። ትኩሳት ያዘኝና ጥቂት ቀን አስተኛኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ እግሬ አብሮኝ አልተነሣም። ልምሻ ነው አሉ። እናቴ ከጠበል ጠበል አዞረችኝ፣ አባቴ ወጌሻ አስመጥቶ አሳሸኝ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ሁለቱም ተስፋ ቆረጡ። እኔም ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ የበግ ጸጉር የምፈትል ልጅ ሆንኩ። በመንዝ ብርድ ጸጉር የማይፈተልበት ቤት ስለሌለ ሥራ አላጣሁም። ጎረቤቶቻችን ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ «እጇ እንኳ ይሠራል» ይሉ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ያ «እንኳ» የሚሉት ነገር ነበር።

ፊደል ያስቆጠሩኝ ከቤታችን በላይ ይኖሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው። አባቴ ጠዋት አዝሎ ያደርሰኛል፣ ከእርሻ ሲመለስ አዝሎ ያመጣኛል። ዳዊት የደገምኩ ቀን መሪጌታ አባቴን ጠሩትና «ይቺን ልጅ እንዝርት ላይ አትጣላት» አሉት። አባቴ መንገዱን ሁሉ ሲያስብ ይታወቀኝ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሆኜ።

ያን ጊዜ መንግሥት በወረዳችን ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ እዚህ የማነሣቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው። ከመሐል ሜዳ ራቅ ያለች፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶቿ በጣት የሚቆጠሩ፣ ነፋሷ የማይተኛ ትንሽ ከተማ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት እዚያ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት የበግ ጸጉር እየገዛች፣ ባና የሚባለውን ወፍራም የጸጉር ልብስ እያሠራች ትሸጣለች። እሷ ዘንድ እንድቀመጥ ተስማሙ። የቀረው ከአክስቴ ቤት ትምህርት ቤቱ ድረስ በምን እንደምሄድ ነበር። ቤቷ በከተማዋ በአንደኛው ጫፍ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላው ጫፍ ነው፤ በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ አለ። በምርኩዝ ብሄድ ግማሹን ትምህርት መንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ።

«ፈረስ የለንም» አለ አባቴ።

«አህያ አለን» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በእኛ አገር አህያ ይጫናል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። ጌታው በፈረስ ይሄዳል፤ ካህኑና እመቤቲቱ በበቅሎ ይሄዳሉ፤ የሌለው በእግሩ ይሄዳል። አህያ ላይ የወጣ ትልቅ ሰው የሠርግ ቤት መሳቂያ ነው።

«ሰው ይስቅብሻል» አለኝ።

«ይሳቅ። ሲስቁ እኔ ትምህርት ቤት ደርሻለሁ።»

አባቴ ሳቀ። በማግሥቱ ግራጫዋን አህያችንን እየነዳ፣ እኔን ላይዋ ላይ አስቀምጦ ወደ ከተማ አወጣኝ። አክስቴ ከአሮጌ ባና ወፍራም መደላድል ሠራችልኝ፤ እግሬ ተንጠልጥሎ እንዳይደነዝዝ በጎኑ ከጠፍር ማስገቢያ ሰፋችለት። አህያዋ እርጉዝ እንደ ተሸከመች ሁሉ ቀስ ብላ ትሄድ ነበር። ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ተከትለውኝ ጮኹ፣ ስም አወጡልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደከማቸው። በወሩ መጨረሻ አንዳንዶቹ ደብተራቸውን እንድይዝላቸው ይለምኑኝ ጀመር።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አዲስ የከተማ ሹም መጣ። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ኮቱን ሁልጊዜ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ከተማችን ሜዳ ያላት፣ መናፈሻ ግን የሌላት መሆኗ አስቆጨው። ያንን ሜዳ በድንጋይ ካብ አሳጠረው፣ ውስጡ ጽድና ባሕር ዛፍ አስተከለ፣ የጠጠር መንገድ አወጣለት፣ በሁለቱም ጫፍ የእንጨት በር አቆመ። ችግኞቹን በበጋ ውኃ እያስቀዳ በእጁ ሲያጠጣ እኔም አይቼዋለሁ። ሥራ ወዳድ ሰው ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። እሑድ እሑድ ሹማምንቱና ባላባቶቹ ፈረሳቸውን አስጊጠው በጠጠሩ መንገድ ይንሸራሸሩ ጀመር። ከተማው ኮራ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘሁ። ጽሑፉ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ «በዚህ መናፈሻ ውስጥ ከፈረስ በቀር በማናቸውም እንስሳ ላይ ተቀምጦ ማለፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ከበሩ ሥር ዘበኛ ቆመዋል። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ቁልፉ የረገፈ ካፖርት ለብሰው፣ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል።

«ተመለሺ ልጄ» አሉኝ።

«ትምህርት ቤት ነው የምሄደው አባባ።»

«አውቃለሁ። አህያዋ ግን አትገባም። ታዝዣለሁ።»

«በእግሬስ?»

«በእግርሽ ማንም አይከለክልሽም።»

ምርኩዜን አየሁት፣ የመንገዱን ርዝመት አየሁት። ደወል ሊደወል ደርሷል። አህያዋን አዞርኳት።

መናፈሻውን ዞሮ ለመሄድ በጀርባው በኩል ወዳለው ሸለቆ መውረድና በማዶው እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። ሌሊት ውርጭ የጋገረው ጭቃ ፀሐይ ሲነካው እንደ ቅቤ ያንሸራትታል። አህያዋ እስከ ግማሽ ድረስ በጥንቃቄ ወረደች፤ ከዚያ የፊት እግሯ ከዳትና እኔና እሷ ተያይዘን ሸለቆው ውስጥ ገባን። አህያዋ ቶሎ ተነሣች። እኔ መነሣት ስላቃተኝ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሰው ጠበቅሁ። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው ያነሡኝ። ክፍል ስገባ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ይንበረከካል፤ እኔ መንበርከክ ስለማልችል መምህሩ ትንሽ አሰበና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም አዘዘኝ። በአንድ እግር ቆሜ የጭቃውን ግድግዳ ሳይ አንድም እንባ አልወጣኝም። ሰውነቴ በንዴት ሞቆ ስለነበር ብርዱም አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን በሸለቆው፣ አንዳንድ ቀን አህያዋን በር ላይ አስሬ በምርኩዝ ሞከርኩ። በሸለቆው ስሄድ እወድቃለሁ፤ በምርኩዝ ስሄድ እዘገያለሁ። ብብቴ ቆሰለ። አክስቴ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ እያጠበችኝ «ተዪው፣ ዘንድሮን ቤት ዋይ፤ ክረምት ሲያልፍ ያስቡበታል» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ዘንድሮን ቤት ከዋልኩ ከርሞም እዚያው እንደምውል አውቅ ነበር።

አንድ ቀን በሩ ጥግ ምርኩዜን ተደግፌ ትንፋሽ ስሰበስብ የደብሩ አለቃ በበቅሎ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው። በቅሏቸው ደልደል ያለች፣ አረማመዷ ውኃ የማያፈስስ ነበር። ዘበኛው በሩን ከፈቱ፣ ቆባቸውን አነሡ፣ እጅ ነሡ። አለቃ ባረኳቸውና በቅሏቸውን እያሰገሩ አለፉ።

ወደ ዘበኛው ተጠጋሁ። «አባባ፣ የአለቃ በቅሎ ፈረስ ናት?»

«እንዴት ፈረስ ትሆናለች?»

«ሰሌዳው ከፈረስ በቀር ነው የሚለው።»

ዘበኛው ሰሌዳውን አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ቃሉን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። «እሳቸው የደብር አለቃ ናቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ የጠየቅሁት ስለ በቅሏቸው ነው።»

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ። እኔ በር ነው የምጠብቀው። ያዘዘውን ጠይቂ።»

ምክሩን ወሰድኩት። በማግሥቱ ከአክስቴ ጋር ወደ ሹሙ ቢሮ ሄድን። ስንጠብቅ ዋልን፤ ከሰዓት በኋላ አስገቡን። ሹሙ ወንበር ሰጠኝ፤ ይህንንም አልረሳሁለትም። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኅቴ፣ አዝንልሻለሁ» አለኝ። «ግን አንድ አህያ ባስገባ ነገ ገበያተኛው ሁሉ አህያውን እየነዳ ይገባል። ችግኞቼን ባለፈው ሁለት ጊዜ በልተውብኛል። ደግሞ አህያ የገባበት ቦታ ገበያ ይባላል እንጂ መናፈሻ አይባልም።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ጌታዬ፣ ፈጣሪያችን በሆሳዕና ዕለት ኢየሩሳሌም የገባው በምን ላይ ተቀምጦ ነው?» አለችው።

ሹሙ ፈገግ አለ። «እሱ ጌታ ነው እትዬ። ይቺ ተማሪ ናት።»

«የእኔ አህያ ችግኝ አትበላም» አልኩት። «ካስፈለገ አፏን በገመድ እሰራለሁ። በጠጠሩ መንገድ ብቻ አልፋለሁ።»

«ደንብ ለአንድ ሰው አይቀየርም።»

«ለአለቃስ ተቀይሮ የለም ወይ?»

ፈገግታው ጠፋ። ተነሥቶ በሩን ከፈተልን። ስንወጣ አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ምን ነካሽ? ከሹም ጋር እንዲህ ይነጋገራሉ?» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በምክንያት መልሶታል፤ ለሁለተኛው መልስ ስላልነበረው ነው የተነሣው።

ወሬው ከተማውን ዞሮ እኛ መንደር ደረሰ። አባቴ መጣ። የመጣው ሊወስደኝ ነው። አክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ መሬት መሬት እያየ «ልጄ፣ እኛ ከሹም ጋር የምንጋፋ ሰዎች አይደለንም። ማንበብ ችለሻል፤ ይበቃሻል» አለኝ።

«አይበቃኝም።»

«ቢያስሩሽስ?»

«የት ያስሩኛል? በአህያ ወህኒ ቤት ድረስ ከወሰዱኝ እሰየው፤ እሱም ከመናፈሻው ማዶ ነው።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ መሳቅ አልፈለገም፤ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባናውን ከአፍንጫው ገለጥ አደረገና «እንግዲያው ለገዥው አቤት እንበል» አለ። «አቤት ማለት ወንጀል አይደለም። አባቴም አያቴም በመሬት ነገር አቤት ሲሉ ነው የኖሩት።» እንዲህ ሲል ድምፁ ተለውጦ ነበር። መንዜ ነገር ሲይዝ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ በአባቴ ላይ አየሁት። ሊወስደኝ የመጣው ሰው በዚያው ዋለና አደረ።

እሑድ የወረዳው ገዥ ከቅዳሴ በኋላ ከሹማምንቱ ጋር በፈረስ ወደ መናፈሻው ሲመጡ እኔ በሩ ፊት ለፊት አህያዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ልጓሟን ይዟል። ሰዎቹ ሲቃረቡ ያለ የሌለ ድምፄን አወጣሁት።

«አቤት! አቤት! በሕግ አምላክ! መንገድ ተዘጋብኝ!»

ፈረሶቹ ቆሙ። ሹሙ ፊቱ ቀላ። ገዥው ሸምገል ያሉ፣ በዘመቻ ዓይናቸው አጠገብ የቆሰሉ ሰው ነበሩ። አቤት ያለን ሰው ሳይሰሙ ማለፍ በሳቸው ዘመን ሰው ዘንድ ነውር እንደሆነ ይታወቃል።

«ማን ነው መንገድ የዘጋብሽ?» አሉ።

«ሰሌዳው ነው ጌታዬ።»

ዙሪያው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እግሬን አዩት፣ አህያዋን አዩት፣ ሰሌዳውን አነበቡት። «በችሎት ቀን ቅረቢ» አሉኝ። «ሹሙም ይቀርባል።»

የችሎቱ ቀን ሰው መጣ። ገዥው ከቢሯቸው ፊት ለፊት ባለው ግቢ ነበር የሚቀመጡት። ነጋዴው፣ ዳኛው፣ አስተማሪዎቹ፣ ካህናቱ ሁሉ መጥተዋል፤ የደብሩ አለቃም መጥተው ከገዥው በስተቀኝ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሹሙ ስለ ችግኞቹ፣ ስለ ከተማው ክብርና ከጠቅላይ ግዛት ስለሚመጡ እንግዶች በጥሩ አማርኛ ተናገረ። ሰው ራሱን ነቀነቀለት። እኔም በልቤ አንዳንዱን ልክ ነው አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ምርኩዜ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

«ችግኞቹ እንዲበሉ አልፈልግም» አልኩ። «እዚያ ጥላ ሥር እኔም አንድ ቀን መቀመጥ እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በቅሎ ፈረስ ናት?»

ሁሉም አለቃን ላለማየት መሬት መሬት ያያሉ።

«በቅሎ ከፈረስ ትቆጠራለች» አለ ሹሙ።

«ማን ቆጠራት? ሰሌዳው ላይ የለችም። በቅሎ የምታልፈው ስለምትከበር ከሆነ እሰየው፣ ትለፍ። እኔ ግን የማልፈው ለመንሸራሸር አይደለም። እግር ስለሌለኝ ነው። የእኔ እግር አህያዋ ናት። እናንተ እግራችሁን በር ላይ አስራችሁ ትገባላችሁ ወይ?»

አስተማሪዬ ከኋላ «በቃሽ» ሲል ሰማሁት። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

አለቃ ተነሡ። ፊታቸው ተቆጥቶ ስለነበር ሊረግሙኝ መሰለኝ።

«በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ዘበኛው እጅ ይነሡኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ሰሌዳውን ቀና ብዬ አንብቤው አላውቅም። ዛሬ ነው የሰማሁት። ቃሉ ፈረስ ካለ፣ የእኔይቱ ፈረስ አይደለችም።»

«አባታችን፣ እርስዎን ማን ይከለክላል?» አሉ ገዥው።

«ሰሌዳው ነዋ! ወይ ለዚች ልጅ ይፈቀድላት፣ ወይ እኔም እንደሷ ልከልከል። ከሁለት አንዱ ካልሆነ የምሰብከውን ራሴ አፈርሳለሁ።»

ገዥው በጣታቸው ግንባራቸውን አሹ። ሹሙን ሰው ፊት ማዋረድ አልፈለጉም፤ አለቃንም ማስቀየም አልፈለጉም። «አስቤበት እወስናለሁ» ብለው ችሎቱን በተኑ። አባቴ ሲወጣ «አስቤበት ማለት አይሆንም ማለት ነው» አለኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዬ አህያዬ ላይ ተቀምጬ ወደ ሸለቆው ወረድኩ።

ያን ጠዋት ያየሁትን አልረሳውም። አለቃ በቅሏቸውን ለተከታያቸው ሰጥተው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ በእግራቸው ከፊቴ ይወርዳሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይውጣቸዋል። ተከታያቸው በቅሎዋን ይዞ ከኋላ «አባታችን፣ ይቀመጡባት፣ ሸለቆው እኮ አልተከለከለም» ይላቸዋል።

«ልየው እስቲ» አሉት። «ይቺ ልጅ በየቀኑ የምታየውን ልየው።»

ደርሼባቸው ጎን ለጎን ወጣን። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጭ ነበር። ዳገቱ ራስ ላይ ቆመው መንገዱን ዘወር ብለው አዩትና «በክረምትስ እንዴት ትሆኛለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባታችን። ክረምት ሳይመጣ ይፈቀድልኛል ብዬ ነው።»

በማግሥቱም በእግራቸው መጡ። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ቄሶች ተከተሏቸው። ለቅዳሴ የሚሄዱ ሴቶች መናፈሻውን ትተው ከኋላቸው በሸለቆው ይሄዱ ጀመር። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ማንም አልጮኸም። መናፈሻው ግን ባዶ ሆነ። ባላባቶቹ እንኳ አለቃ ጭቃ ሲረግጡ ከፈረስ ሆኖ ማየት አሳፈራቸው፤ እሑድ ለመንሸራሸር የሚመጣ ጠፋ። የቀረውን የጨረሱት የሹሙ እናት ናቸው ይባላል። ልጃቸው ዘንድ ሊከርሙ መጥተው ነበር፤ አለቃ ደግሞ የንስሐ አባታቸው ሆነዋል። ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አይቻለሁ፤ ሹሙ ራሱ፣ ብቻውን፣ ኮቱን እንደ ቆለፈ፣ አንድ ጠዋት ሸለቆውን ወርዶ ወጣ። ጫማውን ዳገቱ ላይ በሣር ሲጠርግ በአጠገቡ አለፍኩ። ጤና ይስጥልኝ ብቻ አልኩት።

ያኛው ሳምንት ሳያልቅ ሰሌዳው ወረደ። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲሰቀል ዘበኛው ሮጠው መጥተው ከአክስቴ ቤት ጠሩኝ፤ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ እንዳነብላቸው ነው የፈለጉት። በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ተቀምጦ በጠጠሩ መንገድ በእርጋታ ማለፍ ይቻላል ይላል። ጭነት የጫነ እንስሳ አይገባም። የአህያ አፍ ይታሰር። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ዘበኛው ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«እንግዲህ ነገ በሩን የምከፍተው ላንቺ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ አክስቴ አህያዋን አጠበቻት፣ አፏን በጥልፍልፍ ገመድ አሰረችላት፣ አዲስ ባና መደላድሉ ላይ ደረበችበት። ሰው በካቡ ላይ ተንጠላጥሎ ያይ ነበር፤ አንዳንዱ ሊስቅ የመጣ ነው። በሩ ተከፈተ። የጠጠሩ ድምፅ ከአህያዋ ኮቴ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት፤ ችግኞቹ በሁለቱም በኩል እስከ ጉልበቴ ደርሰዋል። አልቸኮልኩም። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ በማዶው በር ወጣሁ፤ ደወል ሳይደወል ክፍል ገባሁ። መምህሩ ስሜን ሲጠራ «አለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ ክፍሉ ሳቀ።

እኔ ለራሴ ነበር የለመንኩት፤ ሌላ ሰው ይጠቀማል ብዬ አላሰብኩም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ጉልበታቸው የማይታጠፍ አንዲት ባልቴት ልጃቸው አህያ ላይ አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዳቸው አየሁ። ከዚያ ምጧ የተቃረበ ሴት ወደ ጤና ጣቢያው በአህያ አለፈች፤ ባሏ አፍሮ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ቢከናነብም አለፈች። አንድ ቀን ደግሞ በጦርነት ሁለት እግሩን ያጣ፣ ለብዙ ዓመት ከግቢው ያልወጣ ሰው በወንድሙ አህያ መጣ። ጽዶቹ አጠገብ አወረዱት። ሣሩ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየጠራ ሰላም ይላል፤ ከተማው እሱን ሞቷል ብሎ የረሳው ሰው ነበር። ወንድሙ ሊወስደው ሲመጣ «ሂድ፣ ገና ነኝ» ሲለው ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን አህያ ላይ መቀመጥ ነውር መሆኑ ቀስ በቀስ የሚያነሣው ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ አልልም፤ ሠርግ ቤት መቀለዱ አልቀረም።

ሹሙ ወደ ሌላ አውራጃ ከመዛወሩ በፊት አንድ ቀን መናፈሻው ውስጥ አገኘኝ። ከአህያዋ ጎን ጎን እየሄደ ውርጭ የገደለበትን ችግኝና የተረፈውን አሳየኝ። ባሕር ዛፉ ቶሎ እንደሚያድግ፣ ጽዱ ግን ልብ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በሩ ጋ ስንደርስ «አንቺ ነገረ ፈጅ ነው መሆን ያለብሽ» አለኝ።

«አስተማሪ ነው የምሆነው» አልኩት።

ሆንኩም። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ደብረ ብርሃን ሄጄ መምህርነት ተማርኩ፤ መጀመሪያ የተመደብኩት ራቤል በኩል ባለ ትምህርት ቤት ነው። የደረስኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ምርኩዜን አይተው «መንገዱ ከባድ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ እንስጥሽ ይሆን?» አሉኝ። ክፍል ስጡኝ አልኳቸው። ከቤቴ ትምህርት ቤቱ ድረስ በምን እንደምመጣ ጠየቁኝ፤ የነገው ገበያ ላይ አህያ እንደምገዛ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ከአንድ ገበሬ ጋር ተከራክሬ ጥቁር ወጣት አህያ ገዛሁ። ሰኞ ጠዋት እሷ ላይ ተቀምጬ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስገባ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወረድኩ፣ ምርኩዜን አስተካከልኩ፣ አንደኛ ክፍል የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ገባሁና ማስተማር ጀመርኩ።